«ስደተኛ» ማን ነው? የወረርሽኙ ዘመን ድቀት በጅቡቲ ከተማና የስያሜዎቹ ታሪክ (2012–2013 ዓ.ም.)

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አጋማሽ የጅቡቲ ከተማ በሮች በቀናት ልዩነት ተከታትለው ተዘጉ። በመጀመሪያ የመንገደኛ አውሮፕላን በረራ ቀረ፤ ከዚያም የመንገደኛ ባቡሩ፣ ትምህርት ቤቶቹ፣ መስጊዶቹና አብያተ ክርስቲያናቱ ተራቸውን ጠብቀው ዘጉ። ያልተዘጋው የወደቡ በር ብቻ ነበር። የዶራሌ ክሬኖች ኮንቴይነር ማውረዳቸውን ቀጠሉ፤ የኤሌክትሪኩ ባቡር መንገደኛ መጫኑን ቢያቆምም ጭነቱን ወደ አዲስ አበባ ማድረሱን አላቋረጠም፤ ከባድ መኪናዎችም በዲኪልና በጋላፊ በኩል መመላለሳቸውን ቀጠሉ። ዕቃ ሲያልፍ ሰው ቆመ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በከተማዪቱ ነዋሪዎች መካከል የታየው የኑሮ ልዩነት ብዙው ከዚህ ይመነጫል፤ ኑሮው ከሚንቀሳቀሰው ዕቃ ጋር የተሳሰረ ሰው አንድ ዕጣ ገጠመው፣ ኑሮው በገዛ እግሩ መንቀሳቀስ ላይ የቆመው ደግሞ ሌላ።

የዘመኑ ታሪክ በአብዛኛው በቁጥር ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ ቁጥሮቹን ሳይተው ወደ ስያሜዎቹ ያተኩራል። አራት ቋንቋዎች በየዕለቱ በሚነገሩባትና አማርኛና ኦሮምኛም በጓሮ በር በሚሰሙባት ከተማ አንድ ሰው በየትኛው ቃል እንደተጠራ ማወቅ፣ እርዳታ ማግኘት አለማግኘቱንና በጥናት ሰንጠረዥ ውስጥ መቆጠር አለመቆጠሩን ጭምር ማወቅ ነውና።

ድቀትና መቀዛቀዝ

የኢኮኖሚ ጸሓፊዎች በአማርኛ ሁለት ቃላትን እያፈራረቁ ይጠቀማሉ። «መቀዛቀዝ» ከቀዘቀዘ የወጣ ነው፤ በሥርወ ቃሉ መደጋገም የተነሣ ለስለስ ያለ፣ ቀስ በቀስ የሚሆንና ተመልሶ ሊሞቅ የሚችል ነገርን ያመለክታል። «ድቀት» የግዕዝ ውርስ ነው። ተናጋሪው ብዙ ጊዜ ከ«ደቀቀ» ጋር ያገናኘዋል፤ ሆኖም ቃሉ ልደት ከወለደ እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ወድቀ» የተገኘ ሲሆን ፍቺውም መውደቅ ነው። በተናጋሪው አእምሮ ግን ሁለቱም ፍቺዎች ተደራርበው ይኖራሉ፤ የወደቀም የደቀቀም በአንድ ቃል ይነገርለታል።

ለጅቡቲ የትኛው ይስማማል? አገሪቱ ከወረርሽኙ በፊት በነበሩት ዓመታት በዓመት ከ5 በመቶ በላይ ስታድግ ቆይታ በ2020 እ.ኤ.አ. ዕድገቷ ወደ 1 በመቶ ገደማ ወረደ። የዓለም ኢኮኖሚ በዚያው ዓመት ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ ቁልቁል ሲሄድ የጅቡቲ ድምር ውጤት ከዜሮ በላይ ቀረ። በድምሩ መሠረት ከሆነ «መቀዛቀዝ» በቂ ነው። ድምሩን ከዜሮ በላይ ያቆዩት ነገሮች ግን የታወቁ ናቸው። ወደብ አለ፤ ከኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በዚያ ነው። የጦር ሰፈሮች ኪራይ አለ፤ አሜሪካ በ2014 እ.ኤ.አ. በታደሰው ውል መሠረት ለካምፕ ሌሞኒዬ ብቻ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ትከፍላለች፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ቻይናም የየራሳቸው ሰፈር አላቸው። ወረርሽኝ የኪራይ ውልን አያፈርስም። የጅቡቲ ፍራንክም ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ177.721 ፍራንክ ለአንድ ዶላር ተመን ተቸንክሮ የቆየ በመሆኑ፣ ደመወዙ በየወሩ የሚገባለት የመንግሥት ሠራተኛ የገንዘቡ ዋጋ ሲወድቅ አላየም።

ከእነዚህ ውጭ ያለው ሌላ ከተማ ነው ማለት ይቻላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ተቋም ባካሄደው የቤተሰብ ጥናት 21.1 በመቶው ሕዝብ በከፋ ድህነት ውስጥ ይኖር ነበር፤ ያ የወደብ ዕድገት በደመቀበት፣ የዶራሌ ሁለገብ ወደብ በተመረቀበት ዓመት የተገኘ ቁጥር ነው። በዚህ ወገን ላሉት «መቀዛቀዝ» የሚለው ቃል ሐሰት ሊባል ባይችልም ቀልድ ይመስላል።

የከተማዪቱ አቀማመጥ

የጅቡቲ ከተማ ልዩነቷን በመሬት ላይ ጽፋዋለች። በሰሜን በባሕሩ ዳር ኤሮንና የእባብ አምባ የተባሉት አሮጌ የፈረንሳይ ሰፈሮች ይገኛሉ፤ ዐረማውስ የተባለው የባለጸጎች መንደር ደግሞ ወደ ምሥራቅ ጠረፍ ተዘርግቷል። ከመሐሉ አደባባይ በስተ ደቡብ በቁጥር የሚጠሩት ሰፈሮች፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ እየተባለ እስከ ሰባተኛ፣ ተጠጋግተው ይቀጥላሉ። ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ ባልባላ ነው። ባልባላ እንዴት እንደተፈጠረ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ጄኔራል ደ ጎል በ1966 እ.ኤ.አ. ከተማዪቱን ሲጎበኙ ከተነሣው የነጻነት ሰልፍ በኋላ የቅኝ ገዢው አስተዳደር ከተማውን በሽቦ አጥር ከበበ። ወደ ውስጥ መግባት የተከለከሉት ከአጥሩ ውጭ ጎጆ ቀለሱ። ከነጻነት በኋላ አጥሩ ትርጉሙን ቢያጣም ከውጭ የተቀለሱት ጎጆዎች በዝተው የከተማውን ትልቁን ክፍል ሠሩ። በ2012 ዓ.ም. ቤት ውስጥ እንዲቀመጡ የታዘዙት ብዙዎቹ የእነዚያ ጎጆዎች ወራሾች ናቸው፤ አያቶቻቸው ወደ ከተማው እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር፣ እነርሱ ደግሞ ከቤታቸው እንዳይወጡ ተከለከሉ።

የ2009 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ በአገሪቱ 818,159 ሰው፣ በዋና ከተማዪቱ ደግሞ 475,322 ሰው መዝግቧል። ቆጠራው ሕዝቡን ቋሚ ነዋሪ፣ ዘላንና «ልዩ» ሕዝብ ብሎ ከፍሎታል። በፈረንሳይኛ «ፓርቲኩሊዬር» የተባለው ይህ ሦስተኛ ክፍል ስደተኞችንና መጠለያ የሌላቸውን የመሳሰሉትን ያጠቃልላል። «ልዩ» የሚለው ቃል በአማርኛ ምስጋና ይሸታል፤ «ልዩ ሰው» ማለት ብርቅ ሰው ማለት ነው። በመዝገቡ ቋንቋ ግን «ልዩ» ማለት ከደንቡ የወጣ፣ በተለመደው መንገድ ሊቆጠር ያልቻለ ማለት ሆኗል።

አማርኛ ወደዚህች ከተማ የመጣው በሐዲድ ነው። የባቡሩ ሥራ በ1897 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ አዲስ አበባም «ላ ጋር» የሚለውን ፈረንሳይኛ «ለገሀር» ብላ እስከ ዛሬ ይዛዋለች። ሐዲዱ ዋና ከተማውን በነካ በዓመቱ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሺዎችን ገደለ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ከሞት ተርፈዋል። ያ ወረርሽኝ በአማርኛ የወር ስም አግኝቷል፤ «የኅዳር በሽታ» ይባላል፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ማቃጠሉም «ኅዳር ሲታጠን» በሚለው ስም ቀርቷል። በ2012 ዓ.ም. የመጣው ግን የራሱን የአማርኛ ስም አላገኘም። «ኮሮና» ተብሎ ቀረ።

በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል በድሮው ባቡር የሚመላለሱ ሴት ነጋዴዎች ለብዙ ዘመን የሁለቱን ከተሞች ቋንቋዎች አቀላቅለው ኖረዋል። አትክልትና ቅቤ ይዘው ይወርዳሉ፤ ጨርቃ ጨርቅና ሽቱ ይዘው ይወጣሉ። አሮጌው ባቡር እየደከመ ሄዶ በ2018 እ.ኤ.አ. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ ሥራ ሲጀምር በከተማው መሐል ያለው ጣቢያ ተትቶ መሳፈሪያው ከከተማ ውጭ ወዳለው ወደ ናጋድ ሄደ። ናጋድ በሌላም ነገር የታወቀ ነው፤ ሰነድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች ከመባረራቸው በፊት የሚታገዱት በዚያው ነው። ስለዚህ የወረርሽኙ መዘጋት በመጣ ጊዜ እነዚያ ነጋዴዎች በከተማው መሐል ይሳፈሩበት የነበረውን ባቡር ካጡ ቆይተዋል። የኢኮኖሚ ሠንጠረዥ ኪሳራቸውን በ2020 ዓምድ ላይ ቢፈልገው አያገኘውም፤ ከዚያ በፊት የተጀመረ ነውና።

መዘጋቱ

በጅቡቲ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከአራት ቀን በፊት የገባ የስፔን ልዩ ኃይል ወታደር ነበር። በጦር ሰፈር ኪራይ የምትኖር አገር በሽታውንም ያገኘችው በዚያው በር በኩል መሆኑ የዕጣ ፈንታ ምጸት ነው። መጋቢት 14 ቀን ሕዝቡ ቤቱ እንዲቀመጥ ታወጀ። መንግሥት በስፋት ስለመረመረ፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር በሚያዝያ ወር በአፍሪካ ከሕዝብ ቁጥሯ አንጻር ከፍተኛውን የተያዦች መጠን ካስመዘገቡት ቀዳሚ ሆነች፤ በሐምሌ መጨረሻ የተያዦቹ ቁጥር 5,000 ደርሷል፤ የሟቾቹ ግን ከመቶ በታች ነበር። የቻይና ሐኪሞች ቡድን የኢትዮጵያ ሥራውን ጨርሶ ሚያዝያ 22 ቀን ወደ ጅቡቲ ተሻገረ። የካምፕ ሌሞኒዬ አዛዥም በዚያው ሰሞን በሰፈሩ ውስጥ የጤና አስቸኳይ ጊዜ አውጆ በሩን ዘጋ፤ ከውጭ ለሚገቡ የቀን ሠራተኞች የዚህን ትርጉም ማስረዳት አያሻም።

መዘጋቱ ብቻውን አልመጣም። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከባድ ጎርፍ የከተማዪቱን ዝቅተኛ ሰፈሮች አጥለቅልቆ ነበር፤ የአንበጣ መንጋም በአካባቢው ነበረ። ሚያዝያ 12 ቀን፣ ሰው ሁሉ ቤቱ እንዲቀመጥ በታዘዘበት ወቅት፣ ሁለተኛ ጎርፍ መጥቶ በብዙ ሰፈር ቤቱ ራሱ ውኃ ገባበት። ከአራት ቀን በኋላ ረመዳን ጀመረ። ማፍጠሪያ የሚሸጡ ሴቶች፣ በአደባባይ ምግብ የሚያበስሉ፣ ውኃ በጋሪ የሚያዞሩና በገበያ ዕቃ የሚሸከሙ ሰዎች የዓመቱን ደህና ገበያ የሚያገኙት በዚህ ወር ነው። የጫት ሻጮቹም እንዲሁ፤ በጅቡቲ ጫት ከኢትዮጵያ በየቀኑ ይገባል፣ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ በየመንገዱ ጥግ በተዘረጋ ጠረጴዛ ላይ የሚቸረችሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፣ የዕለት ገቢያቸውም ጎዳናው በሰው መሞላቱን ይጠይቃል። እገዳው ከግንቦት 9 ቀን ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ላላ፤ አየር ማረፊያው ሐምሌ 10 ቀን ተከፈተ።

የእርዳታው አደራረግ ለዚህ ታሪክ ዋና ነገር ነው። የዓለም ባንክ መጋቢት 24 ቀን 5 ሚሊዮን ዶላር፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ሚያዝያ 30 ቀን 43.4 ሚሊዮን ዶላር ለአገሪቱ አጸደቁ። መንግሥት በማኅበራዊ ጉዳዮች ሚኒስቴር በኩል የተቸገሩ ቤተሰቦችን በምግብ መግዣ ኩፖን ረዳ። ኩፖኑን ማን ይቀበል የሚለውን ለመወሰን ያገለገለው ከወረርሽኙ በፊት ለድሆች ድጎማ ተብሎ የተዘጋጀው የማኅበራዊ መዝገብ ነበር። ይህ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ያ እርዳታ በዚያ ፍጥነት ባልደረሰ ነበር፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሆኖም መዝገብ ማለት ደግሞ ወሰን ነው። ቤተሰብ ያለውን፣ አድራሻ ያለውን፣ መታወቂያ ያለውን ይይዛል።

ስደተኛ፣ ፍልሰተኛ፣ ተመላሽ

በአማርኛ «ስደተኛ» ሰፊ ቃል ነው። ከንጉሥ ቁጣ የሸሸም፣ ከድርቅ የሸሸም፣ ሥራ ፍለጋ ባሕር የተሻገረም፣ በጦርነት ድንበር የዘለለም ስደተኛ ነው፤ በሃይማኖት ትውፊትም ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የሄደችው «በስደት» ነው። ቃሉ የተሰደደውን ሰው ሕመም እንጂ የሰደደውን ምክንያት አይጠይቅም። የሕግ ቋንቋ ግን ምክንያቱን ይጠይቃል። ፈረንሳይኛው «ሬፉዥዬ»ን ከ«ሚግራን» ይለያል፤ ሶማልኛውም ጥገኝነት ላገኘው «ቀሖቲ» ሲል በድብቅ መንገድ መሄዱን ከዐረብኛ በተወሰደ ቃል «ተህሪብ» ይለዋል። የአማርኛ መሥሪያ ቤቶች ልዩነቱን ለመያዝ «ፍልሰተኛ» የሚል ቃል አበጅተዋል፤ ቃሉ በሪፖርትና በስብሰባ ይሰማል፣ በመንገደኞቹ አፍ ግን ብዙ አይሰማም። ኦቦክ ዳርቻ ከግራር ጥላ ሥር የተቀመጠ ወጣት «ማን ነህ?» ቢባል «ስደተኛ ነኝ» ይላል፤ አነጋገሩ በአማርኛ ትክክል ነው፣ በጅቡቲ ሕግ ግን ትክክል አይደለም።

የልዩነቱ ዋጋ በወረርሽኙ ጊዜ ታየ። ጅቡቲ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለስደተኞች የሥራ፣ የትምህርትና የጤና መብት ሰጥታለች፤ በአካባቢው ካሉ አገሮች ሕግ ጋር ሲተያይ ለጋስ ሕግ ነው። አሊ አዴና ሆል ሆል በተባሉት መጠለያዎች ያሉት ሶማሌያውያን፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን፣ በኦቦክ አጠገብ ባለው ማርካዚ የሚኖሩት የመናውያን፣ እንዲሁም በከተማው ተመዝግበው የሚኖሩት በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ናቸው። በመንገድ ላይ ያለው፣ በከተማው ውስጥ በቀን ሥራ የሚኖረውና ያልተመዘገበው ኢትዮጵያዊ ከዚህ ጥላ ውጭ ነው።

በ2020 እ.ኤ.አ. የስታቲስቲክስ ተቋሙ ከዓለም ባንክ ጋር በመሆን የወረርሽኙን ጫና በስልክ መጠየቅ ጀመረ። የሚደወልላቸው ቤተሰቦች የተመረጡት ከላይ ከተጠቀሰው የማኅበራዊ መዝገብ ነበር፤ በሦስተኛው ዙር ስደተኞች ከየራሳቸው መዝገብ ተጨመሩ። ውጤቱ ትርጉም ያለው ነው፤ ወራቱ እየገፉ ሲሄዱ አብዛኞቹ የጅቡቲያውያን ቤተሰብ አስተዳዳሪዎች ወደ ሥራ ተመለሱ፣ የስደተኞቹ አመላለስ ግን ከእነርሱ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ልዩነት የታወቀው ስደተኞቹ መዝገብና የስልክ ቁጥር ስላላቸው ነው። ሦስተኛው ወገን፣ ከሁለቱም መዝገብ ያልገባው፣ አልተደወለለትም። ስለ ጅቡቲ ከተማ የዚያ ዘመን አለመመጣጠን ሲጻፍ ከሠንጠረዡ በታች ያለው እርከን ባዶ ሆኖ የሚታየው ሰው ስለሌለበት አይደለም፤ የሚጠራበት ቃል በመዝገቡ ስላልነበረ ነው። ጥናቱን ያዘጋጁትን መውቀስ ቀላል ይሆናል፤ በመዘጋት ወቅት በስልክ ከመጠየቅ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ውጤቱን «የከተማዪቱ ነዋሪዎች» ብለው የሚጠቅሱ ኋለኞች ጸሓፊዎች ግን ጥንቃቄ ይጎድላቸዋል።

ሌላ ቃል ደግሞ ከዚያው ሰሞን አለ፤ «ተመላሽ»። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ከጅቡቲ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከፊሉ ተባርሮ፣ ከፊሉ መንገዱ ስለተዘጋበት። ድሬዳዋ ሲደርሱ «ለይቶ ማቆያ» ተቀበላቸው። የቃሉ አሠራር ግልጽ ነው፤ ቦዝ አንቀጽና የቦታ ስም ተጣምረው «ለይቶ» የሚያቆዩበትን ስፍራ ይሰይማሉ፣ ማን ከማን እንደሚለይ ግን አይናገሩም። የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሎች ተማሪ ወጥቶላቸው ለዚህ ዋሉ። ገንዘብ ለመላክ የወጣው ወጣት ተማሪ ሆኖ ባልተኛበት አልጋ ላይ ተመላሽ ሆኖ ተኛ።

የጉዞ ታሪክ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ የጤና ሚኒስቴር በየቀኑ በሚያወጣው መግለጫ አንድ ሐረግ ተለመደ፤ «የጉዞ ታሪክ ያለው»። በሚያዝያና በግንቦት ከጅቡቲ የመጡ ሰዎች በዚህ መግለጫ ውስጥ ደጋግመው ይነሡ ነበር። ሐረጉ ከእንግሊዝኛ የሕክምና ቋንቋ በቁሙ የተተረጎመ ነው። በአማርኛ «ታሪክ ያለው ሰው» ትልቅ ሰው ማለት ነበር፤ አሁን ግን «ታሪክ» ጥርጣሬን ተሸከመ። የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ የጉዞ ታሪክ አለው፤ ሥራው ያው ነውና።

የሹፌሩ ገቢ የሚቆጠረው በወር ሳይሆን በ«ቢያጆ» ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛው «ቪያጆ» የመጣ የሹፌሮች ቃል ሲሆን አንድ ሙሉ ምልልስን ያመለክታል። የውሎ አበል፣ ከደመወዝ በላይ የሚገኘው ሁሉ፣ በቢያጆ ቁጥር ይሰላል። በጋላፊና በደወሌ የሚደረገው ምርመራ፣ ውጤት እስኪመጣ ያለው ጥበቃ፣ በጅቡቲ በኩል በፔካ ዱዝ አካባቢ ያለው የመኪና ወረፋ ቢያጆን አዘገየ። መንግሥታቱ ሹፌሩን «አስፈላጊ ሠራተኛ» ብለው ከእገዳው ነጻ ሲያደርጉት በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞች ነዋሪዎች ደግሞ ሸሹት፤ ምግብ ቤት አይቀበለውም፣ አልጋ አያከራየውም። ረዳቱ የባሰበት ነው። ሹፌሩ መንጃ ፈቃድና የቀጠረው ድርጅት አለው፤ ረዳቱን የቀጠረው ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ራሱ በቃል ነው፣ ስለዚህ ቢያጆ ሲቀንስ በመጀመሪያ የሚቀረው እርሱ ነው። ወደቡ አልተዘጋም፣ ኮሪደሩ ሠርቷል፣ የጭነቱ ቁጥር ተመዝግቧል፤ በዚያው ኮሪደር ላይ ግን ይህን ያህል የኑሮ ልዩነት ነበር።

ቦየስ

የጅቡቲ ፈረንሳይኛ ለቤት ሠራተኛ ሴት «ቦየስ» የሚል ቃል አለው። ቅኝ ገዢዎች ወንድ አገልጋይን ይጠሩበት ከነበረው «ቦይ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ የፈረንሳይኛ የሴት ምዕላድ ተጨምሮ የተሠራ ነው። አዲስ አበባም «ቦይ»ን ታውቀዋለች፤ በቀድሞ ሆቴሎች አስተናጋጁ «ቦይ» ተብሎ ይጠራ ነበር። በጅቡቲ ከተማ ቦየስ የምትባለው በብዙ ቤት ኢትዮጵያዊት ናት። ከቤቱ እመቤት ጋር በሶማልኛ ወይም በዓፋርኛ፣ ከልጆቹ ጋር በፈረንሳይኛ ቁርጥራጭ፣ ከገበያ ወዳጇ ጋር በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ትነጋገራለች፤ ከተማዪቱ ካሏት ባለብዙ ቋንቋ ሰዎች አንዷ ስትሆን በቋንቋ ጥናት መስክ ግን ብዙም አልተጠናችም።

ቤት መቀመጥ ለሁሉ እኩል ትእዛዝ አልነበረም። በሌላው ቤት የምትኖር ሠራተኛ «ቤትሽ ተቀመጪ» ስትባል የማን ቤት ነው? አሠሪው ቤት ውስጥ ብትቀር የዕረፍት ቀኗ ቀረ፣ ሥራዋ ጨመረ፤ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸውና። ብትሰናበት ደግሞ ድንበሩ ተዘግቷል፤ መታወቂያ ስለሌላት ኩፖን የለም፤ ማደሪያዋ ከሥራዋ ጋር ሄዷል። በቤይሩት በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. አሠሪዎቻቸው አውጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ የጣሏቸው ሴቶች ምስል ዓለምን ዞሯል። የጅቡቲዋ ቦየስ ያን ያህል ትኩረት አላገኘችም፤ አገሯ ቅርብ መሆኑ ችግሯን ያቀለለ አስመስሎታል። ድሬዳዋ ከጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድንበር ሲዘጋ ግን ቅርቡም ሩቁም አንድ ይሆናል።

ባሕሩ

የወረርሽኙ መዘጋት ከሁሉ አስቀድሞ የለወጠው በኦቦክ በኩል ያለውን የባሕር መንገድ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን የተሻገሩት ከ138,000 በላይ እንደነበሩ የዓለም የፍልሰት ድርጅት መዝግቧል፤ በ2020 ቁጥሩ ወደ 37,500 ወረደ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የሚሄዱትም ሳዑዲ ዐረቢያ ሥራ ለማግኘት ነው። መውረዱ በወረቀት ላይ መልካም ዜና ይመስላል። ያልተሻገሩት ግን ቤታቸው አልቀሩም፤ ብዙዎቹ በጅቡቲ ምድር ላይ፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር እስከ ዋና ከተማው የጎዳና ጥግ፣ ገንዘባቸው አልቆ ቆሙ። የተሻገሩት ደግሞ በየመን ታገቱ፤ የሳዑዲ ድንበር ተዘግቷል፣ በየመን ራሷ «በሽታ ያመጡት እነርሱ ናቸው» እየተባለ ይባረሩ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ተገለበጠ። ጀልባዎቹ ተገላብጠው ከየመን ወደ ጅቡቲ ሰው ማምጣት ጀመሩ።

አሻጋሪው ለመሄጃ እንደሚያስከፍለው ለመመለሻም ያስከፍላል። የሚመለሰው ሰው ግን ለመክፈል የቀረው ጥቂት ነው፤ ሥራ ሳያገኝ፣ ለቤቱ ሳይልክ፣ ዘመድ ለጉዞው የተበደረውን ሳይመልስ ነው የሚመጣው። በአንድ የወሎ ወይም የአርሲ ቤት ለልጅ ጉዞ የተሸጠ በሬ ድቀት ከሚባለው ነገር ጋር የሚገናኘው በዚህ መንገድ ነው፤ የጅቡቲም የኢትዮጵያም የዕድገት ሒሳብ ግን ያንን በሬ አያገኘውም።

መስከረም 24 ቀን 2013 ዓ.ም. አካባቢ ከየመን የተነሣ ጀልባ ወደ ኦቦክ ዳርቻ ሲቃረብ አሻጋሪዎቹ ተሳፋሪዎቹን በግድ ወደ ባሕር አስወረዷቸው፤ ቢያንስ 8 ሰዎች ሞቱ፣ 12 የደረሱበት ጠፋ። የካቲት 24 ቀን በተቃራኒው መንገድ፣ ከጅቡቲ ወደ የመን ከ200 የማያንሱ ሰዎችን ጭኖ በወጣ ጀልባ ላይ፣ ጭነቱ በዝቷል በሚል ወደ 80 የሚሆኑት ወደ ባሕር ተጣሉ፤ ቢያንስ 20 ሞቱ። ሚያዝያ 4 ቀን ደግሞ ከየመን ሲመለስ የነበረ ጀልባ በጅቡቲ ጠረፍ ተገልብጦ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ሰጠሙ፤ ከሞቱት መካከል ሕፃናት ነበሩ። በዚያን ጊዜ የጅቡቲ አየር ማረፊያ ከተከፈተ ዘጠኝ ወር ሆኖት ነበር፤ የመንገዱም ጭነት ከወረርሽኙ በፊት እንደነበረው እየተመላለሰ ነበር።